ስለ እኛ የፈረዱት ረቢ፦ የራድባዝ ሕይወት

በእስራኤል አገር የሚኖር የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ራድባዝ የሚለውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማ አይቀርም። ቄሶቻችን ይጠቅሱታል፣ በየስብሰባው የሚናገሩ ሽማግሌዎች ይጠቅሱታል፣ ልጆቻችንም ለስግድ በዓል ሲዘጋጁ ከኮምፒውተር ላይ ያነቡታል። ከዳን ነገድ መሆናችንን የጻፉልን ታላቅ ረቢ ናቸው እንላለን፤ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል። ማን እንደነበሩ፣ የት እንደኖሩ፣ ስለ እኛ እንዴት ሊጽፉ እንደቻሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጻፉት ነገር ሁለተኛው ግማሽ ምን እንደሚል የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው። እኛ በፔታሕ ቲክቫ ከቤተሰቦች ጋር ስንሠራ ይህ ሁለተኛ ግማሽ በየቤቱ ስለሚያጋጥመን ዛሬ የእኚህን ሰው ሕይወት ልንተርክላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙሉ ስማቸው ረቢ ዳዊድ ቤን ሽሎሞ ኢብን ዚምራ ነው። ራድባዝ የሚባለው የስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው ነው። የተወለዱት በ1479 ገደማ በስፔን አገር ነው። በ1492 የስፔን ንጉሥና ንግሥት አይሁዳውያን ወይ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ወይ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዋጅ ሲያስነግሩ የ13 ዓመት ያህል ልጅ ነበሩ። ከስደተኞቹ ጋር ወጥተው ጽፋት ደረሱና ከረቢ ዮሴፍ ሳራጎሲ ዘንድ ተማሩ። በዚያ ዕድሜ ከቤት ተነሥቶ መንገድ መግባት ምን እንደሆነ በሱዳን በኩል ለመጡ አንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከዚያ ወደ ግብፅ ወረዱ። በ1517 ቱርኮች ግብፅን ሲይዙ የአይሁድ አለቃ ይሾምበት የነበረው የናጊድ ሥልጣን ቀረ፤ የመሪነቱ ሸክምም በረቢዎቹ ላይ ወደቀ። ራድባዝ በካይሮ ለ40 ዓመት ያህል የአይሁድ ሁሉ ዋና ረቢና ዳኛ ሆነው ኖሩ። ነጋዴም ስለነበሩ ሀብታም ነበሩ፤ የሰው ደመወዝ የማይጠብቅ ዳኛ ደግሞ ማንንም አይፈራም። በ1524 የግብፁ ገዢ አሕመድ ፓሻ በሱልጣኑ ላይ ሲሸፍት የካይሮ አይሁድ ብዙ ገንዘብ ካልከፈሉ ሊያልቁ ነበር። ፓሻው ተገደለና ቀኑ የምስር ፑሪም ተብሎ እንዲከበር ሆነ። ይህን ሁሉ ያዩት በመሪነት ላይ ሆነው ነው።

የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። ካይሮ ውስጥ ውል የሚጻፈው ከግሪኮች ጊዜ ጀምሮ በቆየ አቆጣጠር ነበር፤ እሳቸው ከዓለም ፍጥረት በሚቆጠረው ተኩት። ራምባም ከ300 ዓመት በላይ ቀደም ብለው በለሆሳስ የሚጸለየውን ዓሚዳ አስቀርተው ካንቶሩ ብቻ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲጸልይ አድርገው ነበር፤ ሰዉ እያወራ ስላስቸገረ። ራድባዝ የድሮውን መለሱ። ራምባምን የሚያከብሩ ሰው፣ የራምባምን ሥርዓት በራምባም ከተማ መሻር ቀላል ነገር አይደለም። ከተማሪዎቻቸው መካከል ረቢ በጻልኤል አሽከናዚ እና በኋላ ሃ-አሪ ተብለው የታወቁት ረቢ ይጽሐቅ ሉሪያ ይገኛሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሚታወሱት ከየአገሩ ለሚላክላቸው ጥያቄ በጻፏቸው መልሶች ነው፤ ከ2,000 በላይ ናቸው።

እኚህን ሰው ለማወቅ ከፈለግን ወደ ጥያቄዎቹ መግባት አለብን።

አንድ እስረኛ ነበረ። ገዢው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ወጥቶ ከማኅበሩ ጋር እንዲጸልይ ፈቀደለት፤ ቀኑን የሚመርጠው ራሱ ነው። የትኛውን ይምረጥ? ሰው ሁሉ ዮም ኪፑርን፣ እኛ በአገራችን አስተስሪ የምንለውን፣ ወይም ፑሪምን ያስባል። ራድባዝ ግን መጀመሪያ ያገኘውን ቀን ይውሰድ አሉ። ተራ የሥራ ቀን ቢሆንም ግድ የለም። ትእዛዝ በእጅህ ላይ ሲደርስ ትልቁን ቀን እየጠበቅህ አታሳልፈውም፤ እስከዚያ መኖርህን ማን ያውቃል? በጎንደርና በሌላም ቦታ ለእየሩሳሌም ሲሉ የታሰሩ ሰዎች በመካከላችን አሉ፤ ይህን መልስ ከእነሱ የበለጠ የሚረዳው ያለ አይመስለንም።

ሌላው ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ነው። ገዢ አንድ አይሁዳዊ ይዞ፣ አንድ የሰውነት ክፍልህን ልቁረጥ፣ አንተ አትሞትም፤ እምቢ ካልክ ግን ወንድምህን እገድለዋለሁ ቢለው ምን ያድርግ? አንዳንዶች ግዴታ አለበት ይሉ ነበር፤ የሌላ ሰው ነፍስ ከአንድ እጅ ይበልጣል በማለት። ራድባዝ በዚህ አልተስማሙም። ይህን ያደረገ ሰው ብፁዕ ነው፣ የጽድቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሕግ ሆኖ ሊታዘዝ አይችልም። የኦሪት ሕግ የሰው አእምሮ ከሚቀበለው ጋር መስማማት አለበት፤ ሰው ዓይኑን ወይም እጁን እንዲሰጥ ማስገደድ ከዚያ ውጭ ነው። ደግሞም ማን ነው አትሞትም ብሎ ዋስ የሚሆነው? ጆሮው ላይ ትንሽ ተበጥቶ ደሙ ፈሶ የሞተ ሰው እሳቸው ራሳቸው አይተዋል። ስለዚህ ነፍሱን የሚያሰጋ ከሆነና ይህን ቢያደርግ ጻድቅ ሳይሆን ሞኝ ጻድቅ ነው አሉ። ዛሬ ኩላሊት ስለ መለገስ የሚጽፉ ረቢዎች ይህን መልስ ይጠቅሳሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በሥራችን የምናገኛቸው ቤቶች ውስጥ እጁን ቆርጦ የሚሰጥ ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ታላቋ ልጅ ናት። አባትና እናቷን ወደ ሐኪም ቤት ትወስዳለች፣ ከመሥሪያ ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ታነባለች፣ ማታ ጽዳት ትሠራለች፣ ጎንደር ለቀሩት ዘመዶች ገንዘብ ትልካለች፣ የታናናሾቿን ትምህርት ትከፍላለች፤ የራሷን ትምህርት አቋርጣለች። ሁሉም ሰው ይመርቃታል። እሷም አልችልም ማለት ኃጢአት ይመስላታል። ታዲያ ከ450 ዓመት በፊት የነበሩ ረቢ መስጠት የሚመሰገን ነው፣ ግዴታ ግን አይደለም፣ ነፍስን እስኪያጠፋ ከሆነ ደግሞ ሞኝነት ነው ብለው ድንበር እንዳስቀመጡ ስንነግራት አንዳንዴ ዝም ብላ ታስባለች። ከእኛ ምክር ይልቅ ከረቢ መምጣቱ ይቀላታል።

እኚህ ሰው ለጥፋተኛም ይጠነቀቁ ነበር። አንድ ሰባኪ የሙሴን ክብር ሲናገር ከልክ አልፎ ሙሴን ወደ አምላክነት የሚያስጠጋ ነገር አስተማረ። ጉዳዩ ወደ እሳቸው መጣ። ነገሩ ስሕተት መሆኑን አልሸሸጉም። ሆኖም አስቦ፣ መርምሮ፣ በምርመራው የተሳሳተን ሰው ከሃዲ ብሎ መፈረጅ አይገባም አሉ፤ አእምሮው ያስገደደው ሰው ነውና። ለቀራዮችም፣ ማለትም የጽሑፉን ሕግ ብቻ ይዘው የረቢዎችን ቃል ለማይቀበሉት አይሁዳውያን፣ ሁሉም ተስማምተው የረቢዎችን ሥርዓት ቢቀበሉ ወደ ማኅበሩ እንዲገቡ እፈቅዳለሁ ብለው ጽፈዋል። ሌሎች ረቢዎች በዚህ ነገር ከእሳቸው ይበልጥ የጠበቁ ነበሩ።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ።

በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ጦርነት ነበር። ግራኝ አሕመድ ከ1529 እስከ 1543 አገሩን ሲያስጨንቅ፣ ነገሥታቱም ከቤተ እስራኤል ጋር በስሜን ተራሮች ሲዋጉ፣ የተማረከው ሰው በቀይ ባሕርና በዓባይ በኩል እየተሸጠ ካይሮ ገበያ ይደርስ ነበር። ከተሸጡት መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩበት። ራድባዝ በመጻሕፍታቸው ውስጥ በኩሽ አገር የማያቋርጥ ጦርነት እንዳለ፣ እስላሞች፣ ክርስቲያኖችና ከዳን ነገድ የሆኑ እስራኤላውያን እርስ በርስ እንደሚዋጉ ይገልጻሉ። ይህን የሰሙት ከተማረኩት ሰዎች አፍ መሆን አለበት።

አንዷ ከሁለት ልጆቿ ጋር የተማረከች ሴት ነች። ጠላት መጥቶ በጸሎት ቤት የነበሩትን ወንዶች እንደገደለ፣ ሴቱንና ሕፃኑን እንደማረከ ተናገረች። ባል ነበራት። ካይሮ ውስጥ አንድ አይሁዳዊ ገዛት፤ በመልሱ ላይ ሮቤል ተብሏል፣ ይህም በእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት እገሌ እንደማለት ነው። ሮቤል ከእሷ ወንድ ልጅ ወለደ። ልጁ አደገና የእስራኤልን ልጅ አግብቶ ወደ ማኅበሩ መግባት ፈለገ። ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ራድባዝ በመጀመሪያው ነገር አላመነቱም። ሴትዮዋ እስራኤላዊት ናት፣ የዳን ነገድ ናት። በሌላ መልሳቸው ደግሞ ከዚህ አልፈው ሄዱ። ከኩሽ አገር የሚመጡት ሰዎች ሰንበት ማታ መብራት እንደማያበሩ፣ የረቢዎችን ትምህርት እንደማያውቁ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህም ለቀራዮች አቀረቧቸው። ነገር ግን አልፈረዱባቸውም። የሚያስተምራቸው ሊቅ አጥተው ነው እንጂ ቢማሩ ኖሮ አይጥሉም ነበር፤ እነሱ በአሕዛብ መካከል ተማርኮ እንዳደገ ሕፃን ናቸው አሉ። ሰንበት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያደገ ምርኮኛ ሕፃን ሰንበትን ቢሽር በደለኛ አይባልም። ከባርነት ገንዘብ ከፍሎ ማውጣታቸውም ትእዛዝ ነው፤ አይሁድነታቸው እንኳ ቢያጠራጥር ማውጣት ይገባል አሉ። ያን ጊዜ በካይሮ ገበያ ላይ ቆመው ለነበሩ ሰዎች ይህ ቃል ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ አስቡት።

እዚህ ድረስ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን፣ እንኮራበታለን። ምንም እንኳ፣ እውነቱን እንናገር፣ ምርኮኛ ሕፃን የሚለው ነገር ሽማግሌዎቻችንን ደስ የሚያሰኝ አይደለም። አርብ ማታ እሳቱን የሚያጠፉት ባለማወቅ አይደለም፤ በሰንበት እሳት አታንድዱ የሚለውን የኦሪት ቃል በጥብቅ ይዘው ነው። ሰንበትን፣ ፋሲካን፣ የመርገም ጎጆን፣ የመንጻት ውኃን ስንት መከራ እያዩ የጠበቁ ሰዎች ሕፃን ተባሉ። ምሕረት ነው፤ ግን ትልቅን ሰው ሕፃን አድርጎ የሚምር ምሕረት ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰባ ዓመት ሽማግሌ እንደ ልጅ ሲናገሩት ስናይ ይህ ነገር ትዝ ይለናል።

ሁለተኛው ግማሽ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሴትዮዋ እስራኤላዊት ስለሆነች ጋብቻዋም ጋብቻ ነው። ባሏ በእርግጥ ሞቷል ወይ? ጦርነት ውስጥ የጠፋ ባል ስለ መሞቱ ሕጉ ማስረጃ ይጠይቃል። ካልሞተ እሷ የሰው ሚስት ናት፣ ከሮቤል የወለደችውም ልጅ ማምዜር ይሆናል። ጥርጣሬው በልጁ ላይ ወደቀ። ከዚያም ስለ ሕዝቡ ሁሉ የዘር ነገር ፍርሃታቸውን ጻፉ፤ ጋብቻቸው ጋብቻ ነው፣ ፍቺያቸው ግን ረቢዎች እንዳዘዙት በጌት አይደለም። በእኛ አገር ባልና ሚስት ካልተስማሙ በሽማግሌና በቄስ ፊት ይለያዩ ነበር። በረቢዎች ሕግ ያቺ ሴት አልተፈታችም፤ ሌላ ባል አግብታ ከወለደች ልጆቿ ላይ ጥርጣሬ አለ። እንግዲህ አስተውሉ። አይሁዳውያን አይደሉም ቢሉን ኖሮ ይህ ችግር ባልመጣ ነበር። ወንድሞቻችን ናቸው ያሉበት ቃል ራሱ ከእነሱ ጋር ለመጋባት እንፈራለን ወደሚለው ወሰዳቸው።

ስለ እስረኛው፣ ስለ እጁ መቆረጥ፣ ስለተሳሳተው ሰባኪ ያን ያህል ርኅራኄ ያሳዩ ሰው ለዚህ ልጅ መንገድ አልፈለጉለትም ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ። እኛም ጠይቀናል። ክፉ ስለሆኑ አይመስለንም። ዳኛ የያዘው መጽሐፍ እስከፈቀደለት ድረስ ነው የሚሄደው፤ ራድባዝ ደግሞ በሚያስሩ ሕጎች ውስጥ ቀዳዳ መፈለግ የሚችሉ ሰው ነበሩ፣ እዚህ ላይ ግን አላገኙም። ሌላም ነገር አለ። ሴት ገዝቶ ልጅ መውለድ በዘመኑ እንግዳ ነገር አልነበረም። መልሱ የባሏን ሞት ይመረምራል፣ ጋብቻዋን ይመረምራል። እሷ ሮቤልን መፈለግ አለመፈለጓን የሚጠይቅ የለም። በእኛ ሥራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነበር።

የአገራችን ሽማግሌዎች ይህን የዘር ፍርሃት ሲሰሙ ይገርማቸዋል፤ እንዲያውም ይስቃሉ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ቆጥሮ፣ ያንተ አያት ከእኔ አያት አይገናኙም ወይ ተባብሎ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ልጁን የሚድር ሕዝብ ዘሩ አይታወቅም ተባለ!

ይህ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በ1950ዎቹ እዚሁ ፔታሕ ቲክቫ በረቢዎች ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው የሠሩ አንድ ወጣት ረቢ ነበሩ፤ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ። እሳቸውም ከካይሮ ነበር የመጡት። የእስራኤል ዋና ረቢ ከሆኑ በኋላ በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁዳውያን መሆናቸውን ሲጽፉ ዋናው ምስክራቸው ራድባዝ ነበሩ። በ1975 መንግሥት የመመለስ ሕግን ለእኛ ሲሠራበት በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። አራት መቶ ዓመት የቆየ ወረቀት አውሮፕላን አስነሣ ማለት ነው።

ነገር ግን ወረቀቱ ሁለቱንም ግማሽ ይዞ ነው የመጣው። የዘር ጥርጣሬን ለማስወገድ ሲባል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከወንዶች የደም ጠብታ ይወሰድ ነበር፤ ኋላ ይህ ቀርቶ ሚክቬ ውስጥ መጥለቅ ተጠየቀ። በሙሴ ዘመቻ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ የመጡ ሰዎች፣ በሱዳን ልጆቻቸውን ቀብረው የመጡ ሰዎች፣ ለማግባት ሲሄዱ እንደገና አይሁድ ሁኑ ተባሉ። በ1985 መጸው በእየሩሳሌም በዋናው ረቢዎች መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠን አቤት አልን። የናታንያው ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ያለዚህ ጥያቄ ጋብቻ ይመዘግቡ ስለነበር ብዙ ሙሽሮች ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ረቢ ኦቫድያም ጊዩር ሳያስፈልግ መጋባት እንደሚቻል ጻፉ። ነገሩን ለመፍታት ረቢዎች ከያዟቸው መንገዶች አንዱ የአገራችን ጋብቻ በረቢዎች ሕግ ሙሉ ጋብቻ ስላልነበረ ጌት አያስፈልገውም የሚል ነው። ልጆቹ ነፃ ወጡ፣ የአባትና የእናት ሠርግ ግን እንዳልነበረ ተቆጠረ። አንዲት እናት ይህን ስንተረጉምላት ምን እንደተሰማት እኛ ነን ያየነው።

በዚህ በከተማችን ያለውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በ2007 በአንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት አራት ልጃገረዶቻችን ለብቻቸው ተለይተው መማራቸው ተሰማ። በ2009 የትምህርት ዓመት ሲጀምር ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሦስት የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ወደ 100 የሚጠጉ ልጆቻችንን አንቀበልም አሉ፤ ወላጆች ሰልፍ ወጡ፣ የትምህርት ሚኒስትሩ ገንዘቡን አቋርጣለሁ ካሉ በኋላ ነበር በስምምነት ያለቀው። ስለ ትምህርት ቤቶቹ ራድባዝን አንወቅስም፤ እሳቸው ትምህርት ቤት አልዘጉም። ሆኖም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንኳን ደህና መጣችሁ ብሎ አቅፎ፣ ሠርግና ክፍል ውስጥ ሲደርስ ወደ ኋላ የሚል አቀባበል ለእኛ አዲስ አይደለም። ምርኮኛን ማውጣትና ከምርኮኛ ጋር መጋባት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ሆነው በካይሮ ተጽፈው ነበርና። የዋናው ረቢዎች ምክር ቤት የረቢ ኦቫድያን ፍርድ እንደተቀበለ ይፋ የሆነው በ2020 መጀመሪያ ነው። ከ1973 ስትቆጥሩት 47 ዓመት ይሆናል።

ራድባዝ ሲያረጁ ሥልጣናቸውን ተዉ፤ ከሀብታቸው ብዙውን ለድሆች እንዳካፈሉ ይነገራል። በ1550ዎቹ መጀመሪያ ወደ እስራኤል አገር ተመለሱ። እየሩሳሌም ትንሽ ተቀምጠው፣ ገዢው የሚጥለው ግብር ስለከበደ ወደ ጽፋት ወጡና በልጅነታቸው ወደ ተማሩባት ከተማ ገቡ። በዚያ ሹልሃን ዓሩኽን ከጻፉት ከረቢ ዮሴፍ ካሮ ጋር በአንድ የፍርድ ሸንጎ ተቀመጡ። በ1573 ሲሞቱ ከ90 ዓመት በላይ ነበሩ። የተቀበሩት እዚያው ጽፋት ነው።

ሮቤል የገዛት የሐበሻ ሴት ግን የት እንደተቀበረች አይታወቅም። ልጇም ከዚያ በኋላ ያግባ አያግባ በመጽሐፉ ውስጥ አልተጻፈም።